ስሙ የማይታወቅ ሰው ፎቶ ስታገኙ

አክስቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አልጋዋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አላት። ሳጥኑ ውስጥ የግብር ደረሰኝ አለ፣ የድሮ የቤት ውል አለ፣ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠሩ ፎቶዎችም አሉ። አምና ለፋሲካ ስሄድ ቋጠሮውን አብረን ፈታነው። አብዛኞቹን ታውቃቸዋለች። «ይቺ እኔ ነኝ። ይኼ አባትህ ነው፣ ገና ተማሪ ሳለ። ይኼ ጎረቤታችን የነበረው ነው፣ ነፍሱን ይማረው።» አንዱ ላይ ስትደርስ ግን ዝም አለች።

ወጣት ልጅ ነው። ብቻውን ቆሟል። አንድ እጁን ወንበር ላይ አሳርፏል። የለበሰው ኮት ሰፍቶታል፤ እጅጌው ወርዶ ጣቶቹን እስከ ጥፍሩ ሸፍኗቸዋል። ከኋላው ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ጨርቅ ተዘርግቷል። ጨርቁ ወለሉ ድረስ አልደረሰም፤ ከታች የአፈር መሬት ይታያል። እግሩ ባዶ ነው።

«ማን ነው እትዬ?»

«እንጃ ልጄ። እናቴም የምታውቀው አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሽው?»

«ሰው አይደለም እንዴ? ሰው ይጣላል?»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ባየሁ ቁጥር ማለፍ አልችልም። ከዘመድ ቤት፣ ከጓደኛ እናት ሳጥን፣ ሥራ ካቆመ ፎቶ ቤት መሳቢያ እየለቀምኩ ሠላሳ ያህል ደርሰውልኛል። ሁሉም ብቻቸውን የተነሡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ስም የላቸውም። እንዴት እንደምይዛቸው እነሆ።

ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ፎቶው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ሌላው ስለ ሰውየው የማናውቀውን እንዳናወራ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ከመንካታችሁ በፊት

ቋጠሮውን ወይም አልበሙን እንዳገኛችሁት በስልክ አንሡት። ቅደም ተከተሉን አትበትኑ። አብረው የተቋጠሩ ፎቶዎች አብረው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ስም የሌለው ፎቶ ከማን ፎቶ ጋር ተጣብቆ እንደተገኘ ማወቅ ብዙ ጊዜ ያለን ብቸኛ ፍንጭ ነው።

ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር የነካ ወይም ወጥ ያወጣ እጅ ፎቶ ላይ አይረፍ። ቅባቱ ቡናማ የጣት አሻራ ሆኖ ይቀራል፤ አይለቅም። ፎቶውን ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሡ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ቡናው እስክትጨርሱ ይቆይ።

ማድረግ የሌለባችሁም አለ። በፕላስተር አትለጥፉ። በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ አትጻፉ፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ለፊት ይወጣል። በጎማ ላስቲክ አትቋጥሩ። ስቴፕለር የተመታበት ካለ ሽቦውን በጥፍር አትንቀሉት፤ ጫፎቹን ከኋላ በስስ ቢላ ቀና አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ላሚኔት ደግሞ በፍጹም። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የአያቴን ጉርድ ፎቶ አንድ ሱቅ ወስጄ ላሚኔት አስደረግሁት። እንዲጠበቅ ብዬ ነበር። ማሽኑ የሚሠራው በሙቀት ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን ደግሞ ጄላቲን ነው፤ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነገር። ሙቀቱ ከግንባሯ እስከ ጉንጯ አረፋ አወጣበት። ላስቲኩን ልላጥ ብል ፊቷም አብሮ ይላጣል። አያቴ በሕይወቷ የተነሣችው ፎቶ እሱ ብቻ ነበር።

የያዛችሁት ምን ዓይነት ፎቶ ነው?

ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አያያዙ ይለያያልና። ጀርባው እንደ ተራ ወረቀት የሚሻክር፣ ወደ ፊቱ የሚጠቀለል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሆነ የቀድሞው ዓይነት ነው። ምስሉ በጄላቲን ውስጥ ያለ የብር ብናኝ ነው። በደንብ ከታጠበና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። ጀርባውም ፊቱም እንደ ላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ በፕላስቲክ የተሸፈነው ወረቀት ነው። ይህ በዓለም ገበያ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዛችሁ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ቢሏችሁ ልክ አይደለም፤ ወይ ቆይቶ የታተመ ነው፣ ወይ ከድሮ ፎቶ ላይ እንደገና የተነሣ ነው።

ባለቀለም ፎቶ ከሆነ ፍጠኑ። ቀለሙ ጨለማ ውስጥም ቢቀመጥ ይደበዝዛል። ሰው ሁሉ ቀይ ለብሶ የተነሣ የሚመስልባቸው የድሮ ፎቶዎች አሉ አይደል? ሰማያዊና አረንጓዴው ጠፍቶ ቀዩ ስለቀረ ነው። ስለዚህ ቅጂ ስታነሡ ከባለቀለሙ ጀምሩ።

አንዳንዱ ጥቁርና ነጭ ደግሞ ጉንጩና ከንፈሩ በእጅ ቀለም ተቀብቷል። ቀለሙ በውኃ ሊለቅ ስለሚችል እርጥብ ነገር አይጠጋው። ኔጌቲቭ ካገኛችሁ ከፎቶው ለይታችሁ በሌላ ፖስታ አስቀምጡ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ኔጌቲቭ መበስበስ ጀምሯል፤ የሚያወጣው አሲድ አጠገቡ ያለውንም ይበላል።

ጽዳትና ጉዳት

ጽዳቱ አጭር ነው። በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ አቧራውን ጥረጉ። በቃ። ውኃ የለም፣ አልኮል የለም፣ ምራቅ የነካው መሐረብ የለም። ጥቁሩ ቦታ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ነገር ካያችሁ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። አትጥረጉት። ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብም ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሃይፖው፣ ማለትም ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል፣ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው። እሱም አይለቅም። ፎቶው እንዳረጀ ይኑር።

ከክፈፍ መስታወት ጋር የተጣበቀውን ለማላቀቅ አትሞክሩ። ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ቅጂ አንሡለትና ከነክፈፉ አስቀምጡት። በላስቲክ የሚሸፈነውና ገጹ ሙጫ ያለው አልበም ውስጥ ያለውን ደግሞ መጀመሪያ ገጹን እንዳለ አንሡት። ከዚያ የጥርስ ክር ከፎቶው ጀርባ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ ተዉት።

ጣሪያ አፍስሶ ፎቶ ከረጠበ ጊዜ የላችሁም። በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል። የተደራረቡትን እርጥብ ሳሉ ለያዩ፤ ተጣብቀው ከደረቁ አይለያዩም። ጭቃ ካለበት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አውጡት። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ፀሐይ ላይ አይሁን፤ ምድጃ አጠገብም አይሁን። ጄላቲን ሲረጥብ ያብጣል፤ ያበጠውን ጣት ከነካው ምስሉ ይፈገፈጋል።

የተጠቀለለውን ፎቶ በጉልበት አትዘርጉት፤ ይሰነጠቃል። በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ቀላል መጽሐፍ ጫኑበት፤ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጨምሩበት። ሁለት ወር ቢፈጅም አትቸኩሉ።

ቅጂ ማንሣት

ስካነር የምታገኙ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። የመታወቂያው ባለ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ቢነሣ 354 በ472 ነጥብ ብቻ ነው የሚወጣው። በ1200 ቢነሣ ግን 1417 በ1890 ይሆናል። የመጀመሪያውን ስታጎሉት ፊት ብቻ ነው የሚታያችሁ። ሁለተኛው ላይ ማተቡ ይታያል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ስንት ቀዳዳ እንዳለው ይቆጠራል። ለፖስታ ካርድ የሚያክል ፎቶ 600 ይበቃል። ከቻላችሁ ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ አስቀምጡ፤ ለመላክ ብቻ ጄፔግ አድርጉ።

ስካነር ከሌለ ስልክም ይሠራል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ፎቶውን አጋድሙ። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጉ፤ አራቱም ጠርዞች እኩል መታየት አለባቸው። የሚያንጸባርቅ ከሆነ ከኋላችሁ ጥቁር ነጠላ ወይም ሌላ ጥቁር ጨርቅ ሰው ይያዝላችሁ። ጠርዙን አትቁረጡ፤ ነጩ ዳርና የተቀደደው ጥግም የፎቶው አካል ነው። ጀርባውንም አንሡ። ባዶ ቢሆንም አንሡ።

ፋይሉን በስልክ ብቻ አትተዉት። ሌላ ቅጂ በፍላሽ ወይም በኮምፒውተር፣ ሌላ ደግሞ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይኑር።

አንድ የማሳስባችሁ ነገር አለ። አሁን የድሮ ፎቶን «የሚያድሱ»፣ ቀለም የሚቀቡ መተግበሪያዎች በዝተዋል። ደብዛዛ ፊት ስትሰጡት ጥርት ያለ ፊት ይመልሳል። ያ ፊት ግን የሰውየው አይደለም። ማሽኑ ከሌሎች ፊቶች ገምቶ የሞላው ዓይንና ጥርስ ነው። ስሙ ያልታወቀን ሰው ፊቱንም ከወሰድንበት ምን ቀረው? ለጨዋታ ካደረጋችሁትም ከዋናው ቅጂ ጋር አታደባልቁት፤ ስሙ ላይ «የተቀየረ» ብላችሁ ጻፉ።

ፖስታና ሳጥን

ለፎቶ ተብሎ የሚሠራ አሲድ አልባ ፖስታ እኛ አካባቢ በቀላሉ አይገኝም። ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከጋዜጣና ከቡናማ ፖስታ በብዙ ይሻላል። ሙጫ የሌለው ፖስታ እንዲህ ይታጠፋል። አንድ ኤ4 ወረቀት በቁሙ አንጥፉ። 9 በ13 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ከሆነ መሐሉ ላይ አድርጉት። ግራና ቀኙ ወደ ስድስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ሁለቱን ወደ መሐል እጠፉ፤ ይደራረባሉ። ከላይና ከታች ስምንት ስምንት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ እነሱንም እጠፉ። ፎቶውን አውጡና የታጠፈበትን በጥፍራችሁ አስምሩ። ከዚያ መልሱት። የሚጻፈው ነገር ሁሉ ፖስታው ላይ ይጻፍ፤ እሱም ፎቶው ሳይገባ በፊት፣ በእርሳስ።

ላስቲክ የምትጠቀሙ ከሆነ የሚሸት ላስቲክ ይቅር። ለስላሳና ሽታ ያለው ፒቪሲ ከጊዜ በኋላ ያልባል፤ ፎቶ ይበላል።

ሳጥን? ንጹሕ፣ ዝገት የሌለበት የብስኩት ቆርቆሮ ጥሩ ነው። ጥሬ እንጨት አሲድ ስለሚያወጣ አልመርጠውም። ናፍታሊን አብራችሁ አታስገቡ፤ ትነቱ ለፎቶም ለሰውም ጥሩ አይደለም። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉት፤ ሳጥኑ ጥግ ላይ አድርጉት፣ ፎቶውን ግን አይንካ።

ቦታውስ? መሬት ላይ አይሁን፤ ምስጥ አለ። ከጭቃ ግድግዳ ጋር አይጣበቅ፤ ክረምት ላይ ግድግዳው ያልባል። ምድጃና ዕጣን ከሚጨስበት ይራቅ። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ለፎቶ ምቹ ነው። ጠላቱ የክረምቱ እርጥበት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሙቀት ስለሚጨምር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በደረቅ ቀን ሳጥኑን እከፍታለሁ። ሻጋታ የያዘ ካለ ለይቼ ደጅ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ሲደርቅ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በብሩሽ አራግፈዋለሁ።

አሁን እዩት

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። አጉሊ መነጽር ያዙ ወይም ቅጂውን ስክሪን ላይ አጉሉት። ፊቱን ለጊዜው ተዉት። ከእጅ ጀምሩ። እጁ የት ነው ያረፈው? ሰዓቱ እንዲታይ ክንዱን ቀና አድርጓል? እርሻ የሚያውቅ እጅ ነው? ከዚያ ወደ እግር ውረዱ። ባዶ እግር ነው፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፣ የላስቲክ ኮንጎ ነው፣ ወይስ ቆዳ ጫማ? ኮትና ክራባት ፎቶ ቤቱ ሊያውሰው ይችላል። እግር ግን ብዙ ጊዜ የራስ ነው። የአክስቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ልጅ ኮቱን ከየትም ያምጣው፣ እግሩ የመጣበትን መንገድ አልደበቀም።

አለባበስን ማንበብ ተማሩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሆነ ሐዘን ላይ ናት። መስቀለኛ ካጣፋችው የቤተ ክርስቲያን አለባበስ ነው። ሸማውን ወገቡ ላይ ያሰረ ሰው ያደገደገ ነው፤ አክብሮት የሚገባው ሰው ፊት እንደቆመ ያሳያል። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ የቆሎ ተማሪ ነው። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ናት፤ ዋሸራና ጎንጅን ያየ ተማሪ ስንቱ ነው! ንቅሳቱን፣ ሹሩባውን፣ ጎፈሬውን ልብ በሉ። ጎፈሬና እግሩ የሰፋ ሱሪ አንድ ላይ ከሆኑ በእኛ አቆጣጠር ወደ 1960ዎቹ አስቡ።

ከዚያ «ለምን ብቻውን?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ለመታወቂያ ነው። አንዳንዱ ከገጠር መጥቶ ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ይሆናል፤ «ደኅና ነኝ» ለማለት ለእናቱ የላከው። አንዳንዱ ለወታደርነት ሊሄድ ነው። አንዳንዷ ለእጮኛዋ ነው። ፎቶ ገንዘብ ነበር፣ ቀን መፍጀት ነበር። እነዚህ ሰዎች በዘፈቀደ አልተነሡም። ታጥበው፣ ተበጥረው፣ አስበው ነው የቆሙት።

ነገር ግን ብቻውን የሚታይ ሰው ሁሉ ብቻውን አልተነሣም። ጠርዙን እዩ። የሌላ ሰው ትከሻ ወይም ጣት ቁራጭ ካለ ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ የወጣ ነው። አገራችን ላይ ሰው ሲሞት ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደግሞ ያለው ፎቶ የሠርግ ወይም የመታወቂያ ብቻ ነው። ፎቶ ቤት ይወሰዳል፣ ፊቱ ብቻ ተነጥሎ ይነሣል፣ ይጎላል። ስለዚህ ትልቅ ሆኖ ብዥ ያለ፣ ትከሻው ላይ የክብ ማኅተም ቅስት ያለበት ፎቶ ካገኛችሁ ከመታወቂያ ላይ የጎላ ነው። ሰውየው ለቀበሌ ብሎ የተቀመጠው ፊት ለለቅሶው የዋለው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስይዝ እጄ ይከብደኛል።

ጀርባውና ማኅተሙ

ማኅተሙ ከተነበበ ትልቅ ነገር ነው። «የጎጃም ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው። «የጎጃም ክፍለ ሀገር» ካለ ከአብዮቱ በኋላ ነው። «ቀበሌ» ወይም «ገበሬ ማኅበር» የሚል ከሆነ ከ1967 ዓ.ም. አይቀድምም፤ ሁለቱም በዚያ ዓመት አዋጆች የተቋቋሙ ናቸውና። ማኅተሙ የሚነግራችሁ ግን የተመታበትን ጊዜ ነው። ፎቶው ከዚያ በፊት ተነሥቶ ሊሆን ይችላል።

የወረቀቱ ስምም አለ። ኮዳክ፣ አግፋ፣ ኢልፎርድ ይላል። «ፌራኒያ» ካለ የጣሊያን ወረቀት ነው። እሱን አይቶ ብቻ ከ1928 እስከ 1933 ባለው የወረራ ዘመን ተነሣ ማለት ግን አይቻልም። ኩባንያው ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

በእጅ የተጻፈ ቀን ሲኖር በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። «12/5/56» የሚለው በእኛ ከሆነ ጥር 12 ቀን 1956 ነው፤ በፈረንጅ ጥር 1964 ላይ ይውላል። 13ኛ ወር ካለ ጥርጥር የለውም፣ ጳጉሜን ነው። «መታሰቢያነቱ ለ…» ተብሎ ስሙ ላይ ወረቀቱ የተቀደደ ፎቶም ብዙ ነው። ከአልበም ሲላቀቅ ስሙ አልበሙ ላይ ቀርቷል። አልበሙ ካለ ገጹን ፈልጉ፤ ፊደሉ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል።

አረጋውያንን ስትጠይቁ

ዋናውን ሳይሆን ጎላ ያለ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አፍ አታስይዙ። «እማማ፣ ይኼ እንትና አይደለም?» ካላችሁ ላለማሳፈር ሲሉ «አዎ» ሊሉ ይችላሉ። «እስቲ ይኼን ይዩልኝ» ብላችሁ ስጧቸውና ዝም በሉ። ዝምታው ረጅም ይሆናል፤ ተቀመጡ። ቦታውን ቀድመው ያውቁታል። «ይኼ ጨርቅ እኮ እዚያ ገበያው አፋፍ የነበረው ፎቶ ቤት ነው» ይሏችኋል። ከቦታ ወደ ሰው ይመጣል። ድምፃቸውን ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ።

ፎቶውን አይተው ፊታቸውን ካዞሩ አትጫኗቸው። በደርግ ጊዜ ልጅ የጠፋበት ቤት ብዙ ነው። ስም የማይነገረው ስላልታወቀ ብቻ አይደለም።

የነገሯችሁን ሁሉ ከነተናጋሪው ጻፉ። «ነው» እና «ይመስላል» ይለያዩ። ሁለት ሰው ሁለት ስም ከሰጠ ሁለቱንም ጻፉ፤ አትምረጡ። የአክስቴ ሳጥን ልጅ ፖስታ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህ ነው፦

ስም፦ አልታወቀም።
የተገኘበት፦ ደብረ ማርቆስ፣ በአክስቴ ሳጥን፣ ከአባቴ የተማሪነት ፎቶ ቀጥሎ።
የሚታየው፦ ወጣት ወንድ፣ ሰፊ ኮት፣ ባዶ እግር፣ የተሳለ መጋረጃ፣ ወንበር።
ጀርባ፦ ሻካራ ወረቀት፤ ጽሑፍ የለም፤ የሙጫ ምልክት አለ።
የተባለው፦ አንድ ጎረቤት «የብቸና ልጅ ይመስለኛል» ብለዋል። ሌላ ሰው አላረጋገጠም።

ብቸና የሚለውን ይዤ ታሪክ መሥራት እችል ነበር። በእግሩ መጣ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ እንዲህ ሆነ እያሉ መጻፍ ቀላል ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በየቀኑ አያለሁ። ማንነቱ ያልታወቀ ሽማግሌ «አርበኛው እገሌ» ይባላል፤ በነጋታው ሺህ ሰው ያጋራዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ልጁ መጥቶ ቢናገር የሚሰማው የለም። ፎቶ ስታወጡ የሳጥኑን ባለቤት አስፈቅዱ፣ «ስሙ አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፣ የት እንደተገኘ ንገሩ፣ የምታውቁት እዚያ ላይ ያብቃ። የሚያውቀው ሰው የሚመጣው ያኔ ነው። ዘመድ ከመጣና ካመናችሁት ዋናውን ስጡት፤ ቅጂው ይበቃችኋል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ምንጊዜም ቅጂ ይሁን፤ ዋናው ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አይሁን። በመስታወቱና በፎቶው መሐል ክፍተት እንዲኖር ዙሪያውን የካርቶን ዳር አድርጉለት። ከክፈፉ ጀርባ ታችኛው ጥጎች ላይ ሁለት የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፤ ከግድግዳው ትንሽ ይርቅና አየር ያገኛል።

የልጁን ቅጂ አክስቴ ራሷ ለምናኝ አሠራሁላት። ከአባቴ ፎቶ አጠገብ አሰቅላዋለች። እንግዳ «ይኼስ ማነው?» ሲላት፣ «እንግዳችን ነው፤ ስሙን ገና አልነገረንም» ትላለች።